አለቃና ምክትሉ

አጣቢዋ ሁለተኛ ውሻ ይዛ ቤት የገባችው፣ ለራሷ መቆሚያ ጉልበት ባጣችበት ቀን ነው። የምትሠራው ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ ነው። የዚያን ዕለት ከአራቱ መጭመቂያ ማሽኖች ሁለቱ ቆመው፣ እርጥብ አንሶላ በእጅ ሲጠመዘዝ ዋለ። ይሄ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ መጥቶ ይሞክረው፤ ከሃምሳኛው በኋላ አንሶላው ራሱ ሰውን መጠምዘዝ ይጀምራል። እናም ወገቧ አልዘረጋም እያላት፣ በአንድ እጇ ዳቦ ይዛ፣ በሌላው የስምንት ወር ውሻ በገመድ እየጎተተች፣ እውነቱን ለመናገር ውሻው እየጎተታት፣ ደጃፏ ደረሰችና ሦስት ጊዜ አንኳኳች።

ቁልፍ አልያዘችም፤ ቢኖራትም አይረባትም። በሩ የሚዘጋው ከውስጥ በመቀርቀሪያ ነው። አባቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባትላሜራ ቤት ውስጥ የተጋጨ መኪና ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የስንቱን መኪና ሆድ ሲያቃኑ የራሳቸው ጆሮ ቀረ። ግራ ጆሯቸው ሥር ካልተጮኸ በቀር አሁን የሚሰሙት ነገር የለም። አንድ ቀን ሌባ በጠራራ ፀሐይ ገብቶ፣ እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ጫማቸውን ሲጠርጉ፣ ቴሌቪዥኑን ተሸክሞ ወጣ። ዘወር ሲሉ ያገኙት ጠረጴዛውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በሩን ሳይቀረቅሩ ተቀምጠው አያውቁም።

ለእሳቸው የሚሰማላቸው አለቃ ነበር። አለቃ ማለት አሮጌው ውሻቸው ነው። በር ሲንኳኳ ይመጣና ጉልበታቸውን በአፍንጫው ይጎሽማል፤ ማንቆርቆሪያው ሲፈላ እጅጌያቸውን ይዞ ወደ ኩሽና ይጎትታል። ማንም አላስተማረውም፤ ራሱን በራሱ የሾመ ውሻ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፣ አለቃ ግን ለደንቆሮ ጌታ መጮህ ትርፉ ድካም መሆኑን ገና በጠዋቱ የገባው ፍጥረት ነበር።

ታላቅ እህቷም በዚሁ ተማምና ነው አባቷን እዚህ የተወቻቸው። እትዬ የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ ነገሯ ሁሉ በደንብና በሥርዓት ነው። ቤቷ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሰው አይጠፋበትም፤ አማቷም ሠራተኛዋም ቀኑን ሙሉ እቤት ናቸው። “አለቃ እስካለ እዚሁ ይኑሩ፣ እሱ ያልቻለ ቀን ግን እኔ ጋ ይመጣሉ፤ ቃል ግቡልኝ” ብላ ሁለቱንም ቃል አስገብታለች። አባትዬው እዚያ አንዴ ሦስት ቀን ከርመው ነበር። ሲመለሱ፣ “ጉልበቴ መውጣቱን አንዴ ይችላል፤ የምወርደው ግን በሰው ትከሻ ነው” አሉ፤ ሣቁ፤ ከዚያ ሣቁን ተዉትና የቤታቸውን ግድግዳ ግድግዳውን ሲያዩ አመሹ።

አለቃ ደግሞ አርጅቷል። አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ላውንደሪው ውስጥ ቦይለር የሚያነደው ሰውዬ ይሄን ሲሰማ፣ “ምን ያስጨንቅሻል?” አላት። “የኔዋ ውሻ ከወለደቻቸው አንዱን ውሰጂ። ሽማግሌው ሳይሞት ያስለምደዋል። ውሻ ከውሻ ነው የሚማረው።” ምክሩ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው ኋላ ጉድ ያፈላው።

በሩ ተከፈተ። አባቷ ከእግራቸው ሥር አለቃን አስከትለው ቆመዋል። ፈገግ ብለው ወጥተው ነበር፤ ዓይናቸው ከልጃቸው ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ውሻው ሲወርድ ፈገግታው ጠፋ።

“ይሄ ደግሞ የማነው?”

“የኛ!” ብላ ግራ ጆሯቸው ሥር ጮኸች።

“ውሻ አለን እኮ!”

“አርጅቷላ አባባ!”

“እኔም ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። በላዬ ላይ ሌላ አባት ታመጪያለሽ?”

ሣቋ መጣ፤ ግን ለመሣቅም አቅም ይጠይቃል። በርጩማው ላይ ዘፍ ብላ ጫማዋን አወለቀች። እሳቸው መልሺው አሉ፣ እሷ አልመልስም አለች፣ እሳቸው ሁለት አፍ ማን ይቀልባል አሉ፣ እሷ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። በዚህ ቤት ጆሮው የማይሰማ እሳቸው ብቻ አይደሉማ! ሲመሽ ተሸነፉና ስሙን ምክትል አሉት። “አለቃውን ሳይጠይቁ ምክትል ሾሙበት፣ እንደ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ” ብለው ወደ መኝታቸው ገቡ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መከራ ነበሩ። ምክትል የግራ እግር ጫማ ብቻ መርጦ ይበላል። ኮሽ ባለ ቁጥር ወደ በሩ ይሮጣል፣ ይጮኻል፣ ተመልሶ ሰው ላይ ይዘላል። በሰው ተቆጥተው የማያውቁት አባባ በዚህ ውሻ ላይ ግን ፊታቸው አይፈታም። “ሰላም አይሰጥም፣ መልሺልኝ” ይሏታል ጠዋት፤ ማታም እንዲሁ። ለአለቃ ቀንተው ነው ብላ አዘነችላቸው። አንዳንዴም እርጅና ሲመጣ ጸባይ ይዞ ይሄዳል እያለች ራሷን ታጽናናለች።

በሁለተኛው ወር ግን ውሻው ረጋ። ሩጫው ቀረ፣ ጩኸቱ ቀረ፤ ቀኑን ሙሉ ከአለቃ ጎን ተጋድሞ አለቃ ሲያዛጋ ያዛጋል፣ አለቃ ሲገላበጥ ይገላበጣል። ማታ ስታንኳኳ በሩ ወዲያው ይከፈታል፤ አባባ ፊት፣ ሁለቱ ውሾች ኋላ። “ሁለቱም ነገሩኝ” ይሏታል። ፊታቸውም ተፈታ። አጣቢዋ ደስ ብሏት ለእህቷ ደወለችና፣ “ምክትል ሥራውን ተረክቧል፤ አንቺም ሐሳብሽን ጣይ” አለቻት። እንዲህ ያለ ጉራ ነፍታ አታውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ያሳዝናት ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥታ ማታ አሥራ አንድ ላይ ስትመለስ፣ ሁለት ቃል የምታወራው ሰው ታጣለች። አባቷ በሩን ይከፍታሉ፣ ሾርባቸውን ይጀምራሉ፣ ከዚያ ማንኪያው እጃቸው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። አንድ ቀን እሷም ምርር ብሏት፣ “ቀኑን ሙሉ ተቀምጠው ነው የሚውሉት፣ ምን አድክሞዎት ነው?” ብላ ጮኸችባቸው። ማንኪያውን አስቀምጠው ሣቁ። “እርጅናም ሥራ ነው ሚጢ” አሏት። ሚጢ የልጅነት ስሟ ነው።

እንግዲህ አንድ ጠዋት ትኩሳት ያዛት። ለሥራ ለብሳ ካበቃች በኋላ፣ እስቲ ትንሽ ጋደም ልበል ብላ ከነካፖርቷ አልጋዋ ላይ ተመልሳ ወደቀች። አባባ በዚያ ሰዓት ጓሮ ፊታቸውን ይታጠባሉ፤ እሷም ሁሌ በዚያን ጊዜ ነው በሩን ገጥማ ሹልክ የምትለው። ሲገቡ ሄዳለች ብለው በሩን ቀረቀሩ። ልትጠራቸው አሰበች፤ ለመጮህ ግን አቅም አልነበራትም። የመኝታ ክፍሏ በር ገርበብ ብሎ ስለነበር ከተኛችበት ሳሎኑ ይታያታል።

አባባ ወንበር ጎትተው መስኮቱ ሥር አደረጉ። መጋረጃውን ሦስት ጣት ያህል ከፈት አድርገው በልብስ መቆንጠጫ ያዙት። መቆንጠጫው ከራሷ ገመድ ላይ የጠፋ ነው፤ ስንት ጊዜ ፈልጋዋለች። ከዚያ ተቀመጡና በቀዳዳው ወደ ውጭ በሩ ማየት ጀመሩ። አየር እየተቀበሉ ነው ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

ሦስት ሰዓት ላይ ነቃች፤ እንደተቀመጡ ናቸው። አምስት ሰዓት ላይ ነቃች፤ እንደተቀመጡ ናቸው። ጉልበታቸው ላይ እርጥብ ፎጣ አለ፤ አንገታቸው ዘንበል ሲል ብድግ ይሉና በፎጣው ፊታቸውን ይጠርጋሉ፣ ቆመው ይቆያሉ፣ እንደገና ይቀመጣሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦና ቲማቲም በሉ፤ ዳቦውን የሚቆርሱት በዳበሳ ነው፤ ዓይናቸውን ከቀዳዳው አላነሱም። ሻይ አላፈሉም። ቀዝቃዛ ውኃ ጠጡበት። አጣቢዋ ነገሩ እየከነከናት ሄደ፣ ግን ጭንቅላቷ ከብዶ ሊገባት አልቻለም።

ስምንት ሰዓት አካባቢ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ መጣና በሩን ደበደበ። ምክትል ጆሮዎቹን ቀጥ አደረገ። ግማሽ ድረስ ተነሣ። ከዚያ ዞር ብሎ አለቃን አየው። አለቃ ሆዱ ከፍ ዝቅ እያለ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ ነው። ምክትልም ነገሩ ያልገባው ደቀ መዝሙር አለመሆኑን ለማሳየት ያህል ተመልሶ ተኛና አገጩን እግሮቹ ላይ አሳረፈ።

አባባ ግን ሰውዬውን ገና ውጭ በሩ ጋ ሲደርስ በመስኮቱ አይተውታል። ወንበሩን ገፍተው ተነሡ። ወለሉ ሲንቀጠቀጥ አለቃ ነቃ፤ እሳቸውን ቆመው ሲያያቸው እሱም ተንገዳግዶ ተነሣ። አለቃ ሲነሣ ምክትል ተስፈንጥሮ ከሁሉም ቀድሞ በሩ ጋ ደረሰ፤ ጭራው ይወዛወዛል፣ ሥራ ላይ ነው።

“ጎበዝ አባባ! እንዴት ሰሙኝ?” አለ ባለቆጣሪው።

አፉን አይተው ገባቸው። “ውሾቹ ነገሩኝ” አሉት።

ያኔ ነው ሁሉም ነገር አንድ ላይ የወረደባት። ሁለት ወር ሙሉ ምክትል ከአለቃ የተማረው በር ሲንኳኳ ዝም ብሎ መተኛትን ነው። አለቃ አይሰማም። የሚሰማም የለም። በዚህ ቤት አንድ ዘበኛ ብቻ አለ፤ እሱም ሽማግሌ ነው፤ ማታ ማታ ማንኪያ ይዞ የሚተኛውም ሰንፎ አይደለም። ቀን ቀን ምን አድክሞዎት ነው ያለቻቸው ትዝ ሲላት ትራሷን ነከሰች።

ባለቆጣሪው ሲሄድ ግድግዳውን ተደግፋ ወጣች። አባባ መቀርቀሪያውን መልሰው ሲዞሩ አይዋት፤ ደነገጡ። ዓይናቸው ወደ ወንበሩ ሄደ፣ ከወንበሩ ወደ መቆንጠጫው። ስኳር ሲሰርቅ የተያዘ ልጅ ነው የመሰሉት።

“መቼ መጣሽ?”

“አልሄድኩም” አለች፤ አፏን እንዲያዩላት ቀስ ብላ። “ጆሮው ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው?”

“የማን?”

“አባባ!”

ተቀመጡ። ፎጣውን በአራት አጠፉት፤ ፈቱት፤ ደግሞ አጠፉት። “ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው” አሉ በመጨረሻ። “ያኔ አንቺን ዝናብ የደበደበሽ ቀን። እንቅልፍ ወሰደኝ አልኩሽ፤ ዋሸሁ። ነቅቼ ነው የነበርኩት። እሱ ይጠራኛል ብዬ ተማምኜ፣ አንቺ ውጭ ስትበሰብሺ እኔ እዚህ ምስማር ሳቃና ነበር። ኋላ ሳየው ተኝቷል። ጆሮው ሥር ድስት መታሁ፤ አልነቃም። ምን ላድርግ? ለእህትሽ ቃል ገብተናል። ዓይኔ ደህና ነው አልኩ።”

“ቀኑን ሙሉ?”

“ሰው መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል እንዴ? ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ቁጭ ብሎ ነው” አሉ። ከዚያ እጇን ያዙ። “ለእትዬ አትንገሪያት።”

አጣቢዋ የትኩሳቷን ላብ በእጅጌዋ ጠረገች። ዝም ብትል አባቷ ቤታቸው ይቀራሉ፤ ግን ነገ ጠዋት እዚያው ወንበር ላይ ናቸው፣ ከነገ ወዲያም፣ አንድ ቀን ከወንበሩ ላይ እስኪወድቁ። ብትናገር ወንበሩ ይቀራል፤ ቤቱም አብሮ ይቀራል። የአንሶላ ሥራ ቢሆን ከሁለት የቆሸሸ አንዱን ታስቀድማለህ፤ ይሄ ግን እንደዚያ አይደለም። ስልኳን አንሥታ ደወለች። አባባ የከንፈሯን እንቅስቃሴ እንዳያዩ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

እትዬ ማታውኑ ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትሰማ መጀመሪያ አላመነችም፤ ቀጥሎ እንባ እስኪወጣት ሣቀች። “ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች ሲሉ እሰማ ነበር” አለች። “ከደንቆሮ የዋለውስ ምን ሊማር ኖሯል!”

አባባ አፏ ላይ አንብበዋት ኖሮ፣ “ደንቆሮ ያልሽው ውሻውን ነው እኔን?” አሉ። ሣቁ እዚያው ደረቀ።

“አባባ፣ ቃል ቃል ነው” አለች እትዬ ሻንጣውን እየከፈተች።

“ቃል ነው” አሉ እሳቸውም። አልተከራከሩም። ከግድግዳው ላይ ኮፍያቸውን አወረዱ፤ ከዚያ አለቃን አዩትና ኮፍያውን እንደያዙ ቆሙ። “ይሄን ግን ከቤቱ አታንሡብኝ። የማይሰማ ሽማግሌ አዲስ ቤት አይለምድም፤ ሰው በየት በኩል እንደሚመጣበት አያውቅም፤ ሲነኩት ይደነግጣል።” ስለ ውሻ ነበር የሚያወሩት፤ ሁለቱ ልጆቻቸው ግን መሬት መሬት አዩ።

አጣቢዋ እንደምንም ተነሥታ ሻንጣውን ዘጋችው። “ትምህርት ተዘግቷል አይደል?” አለች ለእህቷ። “አንድ ሳምንት ስጪኝ። እኔ ፈቃዴን ጨርሻለሁ። አንቺ መጥተሽ፣ እንደ አባባ የማትሰሚ ሆነሽ፣ እዚያ ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ሰው ሲመጣ በቀዳዳው እይና ውሻው እስኪጠራሽ ጠብቂ። አለቃን ከአባባ ጋር ጓዳ እንዝጋውና ምክትል ብቻውን ካንቺ ጋር ይዋል። ጆሮ አለው፤ ያጣው አስተማሪ ነው። በሳምንቱ ካልሆነለት ሻንጣውን እኔው ራሴ እሞላልሻለሁ፤ አንድ ቃል ከአፌ አይወጣም።”

እትዬ መስኮቱን አየች፣ ወንበሩን አየች። “ቁጭ ለማለት ብቻ ነው? ቁጭ ማለት ደግሞ ምን ሥራ አለው” አለች።

በማግሥቱ አጣቢዋ ትኩሳቷ በረድ ብሎላት ሥራ ገባች። ማሽኖቹ አልተሠሩም። አንሶላ ስትጠመዝዝ ዋለች፤ ሐሳቧ ግን እቤት ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እግሯን እየጎተተች መጣችና ሦስት ጊዜ አንኳኳች። ቆየ። ከውስጥ የጥፍር ኮሽታ ሰማች፤ ወዲያ ሄደ፣ ወዲህ ተመለሰ። ከዚያ መቀርቀሪያው ተነሣ።

የከፈተችው እትዬ ናት። ጠዋት በደንብ የተበጠረው ፀጉሯ በአንድ ወገን ተኝቷል፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ትከሻዋ ላይ የአባባ እርጥብ ፎጣ አለ። ምክትል ከጎኗ ቆሞ ጭራውን ያወዛውዛል።

“ተነሣ” አለች እትዬ።

“ማን? አባባ?”

“ምክትል። ስታንኳኪ ተነሣ። መጀመሪያ አለቃን ፈለገው፤ ጓዳው በር ድረስ ሄዶ አሸተተ። ከዚያ ተመልሶ መጣና እጄን በአፍንጫው ነካኝ።” መዳፏን ዘርግታ አሳየቻት፣ የሚታይ ነገር ያለበት ይመስል። “አባባ ከጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምሮ እንደተኙ ናቸው። አልተገላበጡም። ሁለቴ ገብቼ ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ። ሻንጣዬን ዛሬውኑ ወደ ቤቴ ይዤው እመለሳለሁ፤ ባዶውን።”

አጣቢዋ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ደስታው ግን መጥቶ ድካሟን ሲያይ ደጅ ቆመ። አፏ ላይ የመጣላትን ጠየቀች። “ታዲያ ዛሬ ስንት ሰው አንኳኳ? ምን ያህል ተለማመደልሽ?”

እትዬ ፎጣውን ከትከሻዋ አወረደችና በአራት አጠፈችው።

“ማንም አልመጣም” አለች። “አሥር ሰዓት ሙሉ ዓይኔ እስኪፈስ አየሁ። ሽንት ቤት እንኳ ሮጬ ነው የሄድኩት፣ ድንገት ሰው ቢመጣ ብዬ። አንድም ሰው፣ ሚጢ። ያንኳኳሽው አንቺ ብቻ ነሽ።”

አጣቢዋ አባባ ሁለት ዓመት እሷን ሲጠብቁበት የኖሩትን ወንበር እያየች፣ ቦርሳዋን እንደያዘች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።